ለሠራተኛ እናት ስድስት ልብስ

ሰኔ 6 ቀን 2013 ዓ.ም.
መርሳ

ከጠዋት እስካሁን የወጣ፦ አንድ ጉርድ፣ ሁለት ሻርፕ። በዱቤ የወጣ፦ አንድ የሠርግ ቀሚስ። የተመለሰ፦ ያው የሠርግ ቀሚስ፣ ጠበበኝ ተብሎ።

ጅዳ ላለሽው እህቴ ዓቢዳ፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ የሰው ቤት ሥራሽን ያቅልልሽ፣ የአሠሪሽን ልብ ያራራልሽ፣ በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ። እዚህ ሁላችንም ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። የምጽፈው በሱቁ ደብተር ላይ ስለሆነ የጠዋቱ ሒሳብ ከሰላምታው ቢቀድም አትቀየሚኝ። በስልክ የተነጋገርነውን ሲነጋ እኔ አንድ ዓይነት፣ አንቺ ሌላ ዓይነት ነው የምናስታውሰው። ንግድ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን፤ ጽፌ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፣ አንቺም እንደዚያው አድርጊ።

ነገሩ የተነሳው ከልጅሽ ነው። ኢሕሳን ትናንት ከምትሠራበት ከግራና መጣች፤ ልጇን ኡበይደላን አዝላ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆና። የልማት ሠራተኛ ሥራ መቼም ጠዋት ከገበሬ ጋር ማሳ ውስጥ፣ ከሰዓት ወረዳ ስብሰባ፣ መሐል ላይ ልጅ ማጥባት ነው።

“አክስቴ፣ ነገ ወልድያ ስልጠና አለብኝ፤ የምለብሰው የለኝም” አለችኝ።

“ለዒድ ሁለት ቀሚስ አልወሰድሽም?”

“እሱማ ለዒድ ነው። ያንን ለብሼ ማሳ ልግባ? ደግሞ ቁልፉ በጀርባ ነው። ልጁ ሲያለቅስ ሰው ፊት ሁለመናዬን ልግለጥለት?”

ልብስ ሰፊዬ መለሰ ከመኪናው ቀና ሳይል፣ “በዒድ ቀሚስ ማዳበሪያ ብታከፋፍዪማ፣ የግራና ጎረምሳ ሁሉ ሚዜ የተጠራ መስሎት ይሰለፋል” አላት።

“አንተ ኪሴን የዘጋኸው ይበቃሃል! ‘ለሴት ኪስ ምን ያደርጋል’ ብለህ፤ ይኸው የቢሮ ቁልፍ በጡቴ መሐል ይዤ እዞራለሁ።”

እነሱ ሳቁ፤ እኔ ማሰብ ጀመርኩ። ደንበኞቼን አስተማሪዎቹን፣ ነርሶቹን፣ የወረዳ ጸሐፊዎቹን አሰብኳቸው። ሣጥናቸው ሞልቷል፤ የሞላው ግን በሠርግ፣ በዒድና በጥምቀት ልብስ ነው። ሰኞ ጠዋት ልጅ እያለቀሰ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ካውያው ቀዝቅዞ ሳለ የሚለብሱት የለም። ስለዚህ ስድስት ልብስ ብቻ አንድ ላይ አድርጌ ልሸጥ ነው፤ ሁለት ጉርድ፣ ሦስት ሸሚዝ፣ አንድ ረጅም ጃኬት። የትኛውም ከየትኛው የሚሄድ፣ በጨለማ አንስተሽ ብትለብሺው የማያሳፍር። ሸሚዙ ፊት ለፊት የሚቆለፍ። ጉርዱ ወገቡ ላስቲክ፤ የወለደች ሴት ወገብ በየወሩ ሌላ ነውና። ኪሱ ጥልቅ። ጨርቁ ካውያ የማይጠይቅ፣ ማታ ታጥቦ ጠዋት የሚደርቅ፣ የልጅ ትውከትም የመንገድ አቧራም የማይጮህበት።

እዚህ የሚመጣው ጨርቅ ግን ጣቃው ከጣቃው ቀለሙ አይገጥምም። ጉርዱ ከጃኬቱ ካልገጠመ ነገሩ ሁሉ ፈረሰ። ከዚያ ከጅዳ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ጨርቅ ፈልጊልኝ፤ ግራጫ የሚመስል ሰማያዊ። ወደ አገር ከሚገቡ ልጆች ጋር ላኪው። ትርፉን እኩል እንካፈላለን።

አላህ ይጠብቅሽ። ረሂማ


ሰኔ 19 ቀን 2013 ዓ.ም.
ጅዳ

ለእናቴ ምትክ፣ ለእታለሜ ለረሂማ፤ የአላህ ሰላምና ራህመት በእርስዎና በቤትዎ ላይ ይሁን። እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ? የሱቅ በርዎን አላህ አይዝጋብዎት። እኔ ደህና ነኝ፤ ማዳሜ ከቀጠረችው ሾፌር በቀር ማንም አላስቸገረኝም።

ፊደሌ ቢንጋደድ አይሳቁብኝ፤ የምጽፈው ወጥ ቤት ቆሜ ነው። ጨርቁን አግኝቻለሁ። ጁምዓ ከሰዓት ብቻ ነው የምወጣው፤ ሁለት ጁምዓ ፈጅቶብኛል። አንድ የመናዊ ነጋዴ ጣቃውን ሲዘረጋው እንዳሉኝ ሆነ፤ ዝናብ ሊጥል ሲል የወረዳችንን የሀብሩን ሰማይ የሚመስል ቀለም። “ለትምህርት ቤት ነው?” አለኝ። “ለእናቶች ነው” አልኩት። ያለውን ሁሉ ወሰድኩበት። አንዲት የመርሳ ልጅ ለዓረፋ ስለምትገባ በሻንጣዋ ትይዘዋለች።

እታለሜ፣ አንድ ልመና አለኝ። የመጀመሪያው ልብስ ለኢሕሳን ይሁን። እኔ ስሄድ አራት ዓመቷ ነበር፤ አያቷ ጉያ ውስጥ ሆና ክንዱ የተቀደደ ቀሚስ ለብሳ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ዓይኔ ያያት። ያ ቀሚስ እስከዛሬ ከዓይኔ አልወጣም። አሁን ደመወዝተኛ ሆናለች፤ ማሻአላህ። ደመወዝተኛ መሆኗ ከሩቅ ይታይ። መንገድ ላይ የሚያያት ሰው ሁሉ “ይህች የመንግሥት ሠራተኛ ናት” ይበል። ለብሳው ፎቶ ይላኩልኝ፤ ከነልጇ።

ኢንሻአላህ በሚመጣው ዓመት ጠቅልዬ እገባለሁ። ዓቢዳ


ሐምሌ 16 ቀን 2013 ዓ.ም.
መርሳ

ከጠዋት የወጣ፦ ሦስት ሙሉ ስድስት ልብስ። የታዘዘ፦ አምስት። የተመለሰ የለም።

ዓቢዳ እህቴ፤ አሰላሙ ዐለይኩም። ዓረፋን እንዴት ዋልሽ? አላህ ለከርሞው በአንድ ትሪ ያሰብስበን።

ጨርቁ ደርሶ ተሰፍቶ እያለቀ ነው። እኔ በዚህ ንግድ ስቆይ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። የወረዳዋ ጸሐፊ ሔለን ሰኞ ለበሰችው፤ ማክሰኞ ሦስት ጓደኞቿን ይዛ መጣች። “እታለም፣ በዚህ ጉርድ ሰማይ ቢጠቁር አልፈራም። ልጄ ተፋበት፣ በውኃ ጠረግኩት፣ ስብሰባ ገባሁ” አለችኝ። ባለሱቁ ሁሉ ቀለሙን ስለለመደው ሰማያዊውን የለበሰች ሴት ስሟን ሳይጠይቅ በዱቤ ስኳር ይሰጣታል። መለሰ ግን፣ “መርሳን ትምህርት ቤት አስመሰልሻት፤ ደወል ብቻ ነው የቀረሽ” ይለኛል።

ልጅሽ የመጀመሪያዋ ናት። ፎቶዋን ልኬልሻለሁ። ቀና ብላ የቆመችው እኔ ቀና በይ ብያት አይደለም። መለሰ ኪሷን ጥልቅ አድርጎ ሠርቶላት፣ እጇን ከታ ታች ስታጣ፣ “አሁንስ በግ ይገባበታል” አለችው።

አሁን ሌላውን ልንገርሽ። ከአላማጣ በኩል ሰው እየሸሸ ነው። ባለፈው ሳምንት የወልድያ መኪኖች ፍራሽና ሰው ጭነው በዚህ አልፈዋል። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፣ የጦርነት ነገር አላውቅም፤ ግን ሰው ፍራሽ ሲጭን አውቃለሁ። የልጅሽ ባል ጁነይድ በአይሱዙው ደሴ ይመላለሳል። ለኢሕሳን፣ “ልጁን ይዘሽ ከባልሽ ጋር ደሴ ውረጂ፤ ሲረጋ ትመለሻለሽ” አልኳት።

“አክስቴ፣ ማዳበሪያው በእኔ ፊርማ ነው መጋዘን የገባው። ገበሬው ጤፍ ሊዘራ ቆሞ እኔ ደሴ ልቀመጥ?”

“ገበሬው ከአንቺ በፊትም ይዘራ ነበር።”

“ይዘራ ነበር፤ ከእኔ በፊት ግን ቁልፉ እኔ ጋ አልነበረም” አለችኝና በዚያው በአዲሱ ልብሷ ወደ ግራና ተመለሰች። ልጅሽ ናትና አንቺ ንገሪያት። እኔን አልሰማችኝም።

ረሂማ


ሐምሌ 28 ቀን 2013 ዓ.ም.
ጅዳ

ለእታለሜ ለረሂማ፤ አሰላሙ ዐለይኩም።

ፎቶዋን አየሁት፤ ትራሴ ሥር ነው። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ የለኝም። እዚህ ያሉ የወልድያ ልጆች ሁሉ ስልካቸው ላይ ተደፍተው ያለቅሳሉ። ለኢሕሳን ስደውል አንዴ ታነሳለች አንዴ አታነሳም። ባለፈው፣ “እማዬ፣ ያላከፋፈልኩት ትንሽ ነው የቀረኝ” አለችኝ። ስለ ማዳበሪያ ነው የምታወራኝ! እኔ ስለ ነፍሷ ነው የምጠይቃት።

ስለ ልብሱ አይጻፉልኝ። ትርፌንም አይላኩልኝ። በእኔ ድርሻ መኪና ይከራዩና ሂደው ያውጡልኝ። እምቢ ካለች ልጁን ይቀሟት፤ ልጇን ተከትላ ትወጣለች። አላህ ይርዳዎት፤ እኔ ከዚህ ሆኜ እጄ አጭር ነው።

ዓቢዳ


ነሐሴ 24 ቀን 2013 ዓ.ም.
መርሳ

ከጠዋት የወጣ የለም። የገባ፦ ሰባት ጉርድ፣ አራት ጃኬት፣ ለማቅለም።

ዓቢዳ እህቴ፤ አሰላሙ ዐለይኩም። ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ በሰው እግር ነው። ስልክም መብራትም ባንክም የለም። ጨው ነጋዴዎች በገደሉ በኩል ሐይቅ ከተማ ድረስ በእግር ይሄዳሉ፤ ከዚያ ደሴ ገብተው ለጁነይድ ይሰጡታል፤ እሱ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ጁነይድ መንገዱ ሲዘጋ እዚያ ቀርቷል። ደህና ነው።

ያልሽኝን መኪና ተከራይቼ ነበር። ባለመኪናው በማግሥቱ ሊመጣ ተስማምቶ በማግሥቱ ታጣቂዎቹ ከተማው ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ በደብዳቤ አልጽፍም፤ ተሸካሚው ቢፈተሽ ጉዳቱ ለእሱ ነው። ሱቁ ተሰብሯል፤ የሠርግ ቀሚሶቹን ወስደዋል። የመንግሥት ሥራ የያዘ ሰው እየተጠየቀ ነው፤ ማን ደመወዝ ይበላ ነበር እየተባለ።

እዚህ ላይ ልብሱ ጠላት ሆነብን። አንዱ የሰፈራችን ሰው፣ “ሰማያዊ ግራጫ የለበሱትን ጠይቋቸው፤ ሁሉም የወረዳ ናቸው” ብሏል። ሔለን በጓሮ በር መጣችልኝ፤ ጉርዷን ጠቅልላ፣ በላዩ ጎመን አድርጋበት። “ላቃጥለው ነበር፤ ሌላ ግን የለኝም። ሌላውን በዱቄት ለውጫለሁ” አለችኝ። እኔና መለሰ ጓሮ ውስጥ በርሜል ጥደን ጥቁር እናቀልማለን። በዚህ ጊዜ ጥቁር የለበሰች ሴት ሐዘንተኛ ናት፤ ማንም የሚጠይቃት የለም። አንዷ ለሌላዋ እየነገረች በሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ውኃ ቀጂ መስለው ይመጣሉ። መለሰ በርሜሉን እያማሰለ፣ “ከሰፊነት ወደ ወጥ ሠሪነት ተሻገርኩ፤ ቅመሺልኝ እስቲ” ይለኛል። ሰው ሲስቅ ደግሞ ድምፅ እንዳይሰማ አፉን ይይዛል።

ኢሕሳን ግራና ከባሏ እናት ከአሚና ጋር ናት። ቅቤ በምትሸጥ ሴት መልእክት ሰድጄላት ነበር። የመለሰችው፣ “የልጁ ትኩሳት ሲበርድ እመጣለሁ” ነው። ጉርዶቿንና ጃኬቷንም በዚያችው ሴት ልካ አቅልሜ መልሼላታለሁ። እኔ ጋ ከደረሰች በገደሉ መንገድ ከጨው ነጋዴዎቹ ጋር ላወጣት ተነጋግሬያለሁ። እየጠበቅኋት ነው።

ረሂማ


መስከረም 9 ቀን 2014 ዓ.ም.
ጅዳ

ለእታለሜ ለረሂማ፤ ሰላምና የአላህ እዝነት ይድረስዎት።

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ጁነይድ በስልክ ሲያነብልኝ ሦስቴ አስደገምኩት። ይህንን ደግሞ እሱ በእጁ ገልብጦ ከሚመለሱት ጨው ነጋዴዎች ጋር ይሰድልዎታል፤ ጽሕፈቱ የእሱ፣ ቃሉ የእኔ ነው።

ኢሕሳን መጣች ወይ? የልጁ ትኩሳት በረደ ወይ? ሌላ ምንም አይጻፉልኝ፤ “መጣች” ብቻ ብለው ይጻፉልኝ።

ያንን ጨርቅ ያቃጥሉት። የእሷን በተለይ። የአያቷን አሮጌ ቀሚስ ታድርግ፤ ክንዱ የተቀደደውን እንኳ። “ከሩቅ ይታይ” ያልኩት እኔ ነኝ። ያንን ቃል አላህ እንዳልሰማው ያድርግልኝ።

ማዳሜን ወደ አገሬ ልሂድ ብላት፣ “አገርሽ የት አለ? በቴሌቪዥን እየተቃጠለ ነው” አለችኝ። ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነው።

ዓቢዳ

(እማ ረሂማ፣ እናቴን አሚናን ሰላም በሉልኝ። ኢሕሳንን ደግሞ መኪናውን እንዳልሸጥኩት ንገሯት። ጁነይድ)


ጥቅምት 10 ቀን 2014 ዓ.ም.
መርሳ

ከጠዋት የወጣ፦ ሁለት ክር፣ በእንቁላል ልዋጭ። የገባ የለም።

ዓቢዳ እህቴ፤ አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ልብሽን ያጽናልሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው፤ ተሸካሚው ታሞ አንድ ጎጆ ውስጥ ከርሞ ነበር።

ትናንት መውሊድ ነበር። እንደ ወትሮው አልተሰበሰብንም። ሼሁ ከቤታቸው ወጥተው ትንሽ ዱዓ አደረጉ፤ የሰማቸው የደጃፋቸው ሰው ብቻ ነው።

ኡበይደላ አራት ጥርስ አውጥቷል። እኔ ጋ ነው። ትኩሳቱ ከለቀቀው ቆይቷል። ተይዞ ይቆማል፤ የመለሰን መኪና መርገጫ ሲያይ ይፈነጥዛል። አሚናም እኔ ጋ ናት፤ ወገቧን ያማታል እንጂ ሌላ ችግር የለባትም። ወተት አይገኝም፤ የአጃ ሙቅ በማንኪያ እንሰጠዋለን፤ ይወስዳል።

ማቅለሙን ትተነዋል። በርሜሉን ለውኃ ማጠራቀሚያ አድርጌዋለሁ። ሔለን በገደሉ መንገድ ወጥታለች፤ ሐይቅ መድረሷን ሰምቻለሁ።

ስለ ሌላው መንገዱ ሲከፈት እጽፍልሻለሁ።

ረሂማ


ኅዳር 4 ቀን 2014 ዓ.ም.
ጅዳ

እታለሜ ረሂማ፤ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ደሴም ተያዘ፤ ጁነይድ አዲስ አበባ ገብቷል። ይህንን የሚያደርስልኝ ሰው የለም። እሱ ጋ ይቀመጥ፤ መንገዱ በተከፈተ ቀን የመጀመሪያው እጅ ይያዘው።

ደብዳቤዎን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አነበብኩት። የልጁን ጥርስ ነገሩኝ። የአሚናን ወገብ ነገሩኝ። የሔለንን መንገድ ነገሩኝ፤ ሔለን ምኔ ናት? የእኔዋን አልነገሩኝም። ኡበይደላ ጡት የሚጠባ ልጅ ነው። በማንኪያ ለምን ይበላል? እናቱ የት ሆና ነው?

እርስዎ የሚያውቁትን ይደብቃሉ እንጂ አይዋሹም። ስለዚህ ከዚያ ደብዳቤ በኋላ አልጠይቅም ብዬ ነበር። ይኸው እጠይቃለሁ። ይንገሩኝ። ለአላህ ብለው።

ዓቢዳ


ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም.
መርሳ

ከጠዋት የወጣ የለም። ሱቁን ጠርገናል። መለሰ የተወሰደውን የመኪናውን ቀበቶ በገመድ ተክቷል፤ ይሠራል።

ዓቢዳ እህቴ፤ አሰላሙ ዐለይኩም። ሶብር ይስጥሽ። መንገዱ ተከፍቷል። ደብዳቤሽን ጁነይድ ራሱ ይዞት መጣ። እሱ ነግሮሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ከኔ ነው መስማት ያለብሽ።

ጳጉሜን 3 ቀን ኢሕሳን ከግራና ተነሳች፤ ልጁን አዝላ፣ አሚናን አስከትላ። የለበሰችው እኔ ያቀለምኩትን ጥቁር ነው። መንገድ ላይ ዝናብ መታቸው። ማቅለሚያ ጨው ካልገባበት ጨርቁን አይዝም። ጨው በዚያ ጊዜ በሲኒ ነበር የሚሸጠው፤ ለወጥ ጠፍቶ ለበርሜል ከየት ይመጣል ብዬ ያለ ጨው ነው ያቀለምኩት። ለውኃ ቀጂ መሳይ ለሰፈር ሴት ይበቃል ብዬ ነበር። የሦስት ሰዓት መንገድ በዝናብ እንደምትሄድበት እያወቅሁ አላሰብኩትም።

ወንዙ ማዶ ኬላ ነበር። አሚና እንደነገረችኝ ልጽፍልሽ።

ጥቁሩ በኢሕሳን እግር ላይ እየወረደ ነበር። አንገቷ፣ የእጇ አንጓ ጥቁር ሆኗል። ከታች ሰማያዊው ብቅ ብሏል። ኬላ ጠባቂው እጇን ይዞ አገላብጦ አየውና፣ “ማን ሞቶብሽ ነው?” አላት።

“አጎቴ” አለች።

“ሐዘንሽ በውኃ የሚለቅ ነው?”

ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ በፊትም እንዲህ ጥቁር የሚለቃቸው ሴቶች አግኝተው ኖሯል፤ ሁሉም ከእኔ በርሜል የወጡ። አንዷን ሲመረምሩ የሁሉንም ምልክት አውቀዋል። መጀመሪያ በአንድ ጣቃ፣ ቀጥሎ በአንድ በርሜል ለየኋቸው።

ልጁን ከጀርባዋ ፈትታ ለአሚና ሰጠቻት። “ጡጦ አይወስድም፤ በማንኪያ ስጡት” አለች። ሌላ የተናገረችው የለም። ወደ ወልድያ አቅጣጫ በሚሄድ መኪና ከሌሎች ሰዎች ጋር ጫኗት። አሚና እዚያው ቆማ ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቀች፤ ይመልሷት መስሏት።

ከዚያ ወዲህ እኔም አላየኋትም፣ ያያትም ሰው አላገኘሁም። ወልድያ ሦስቴ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ተይዘው ከነበሩት አንዳንዶቹ ተመልሰዋል፤ እሷ ከእነሱ መሐል የለችም። አስከሬኖች ተገኙ ተብሎም ሄጃለሁ፤ አይደለችም። ይህንን ለአንድም ለሌላም ምልክት አድርጌ አልነግርሽም፤ አይደለችም ብቻ ነው።

በጥቅምት ያልነገርኩሽ የሚሸከመውን ሰው ፈርቼ አይደለም። አንቺ እዚያ ብቻሽን ሆነሽ፣ በር ተቆልፎብሽ፣ ይህን አንብበሽ የት ትደርሻለሽ ብዬ ነው። ስሌቴ ይህ ነበር። ልክ ይሁን ስሕተት አሁን አላውቅም።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የግራናው ኢማም ጁነይድን ጠርተው አናግረውታል። በብዙ ቤት ሰላተል ጋኢብ እየተሰገደ ነው፤ አስከሬኑ ላልተገኘ ሟች የሚሰገደው። “ለልጅቱም እንስገድላት፤ ለእሷም ዱዓ ነው፣ ለቤቱም እልባት ነው” ይላሉ። ጁነይድ ወደኔ ያያል። የወለድኳት እኔ አይደለሁም። አንቺ ያልሽው ይሆናል።

ረሂማ


ታኅሣሥ 26 ቀን 2014 ዓ.ም.
ጅዳ

ለእታለሜ ለረሂማ፤ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው።

ሁለት ቀን ሥራ አልሠራሁም። ማዳሜ ልትቆጣ መጥታ ፊቴን አይታ ተመለሰች። የመጀመሪያውን ቀን እርስዎን ስረግም ዋልኩ። ሁለተኛውን ቀን የመናዊውን ነጋዴ ስረግም ዋልኩ። ማታ ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ራሴን ለመርገም ግን ጉልበቱ አለቀብኝ። ልጄ ስትሄድ ክንዱ ያልተቀደደ ልብስ እንድትለብስ ፈልጌ ነው። ይኸው ነው።

አይሰገድ። በአላህ ይዤዎታለሁ፤ አይሰገድ። ከሰገዱላት ማንም ከዚያ በኋላ አይፈልጋትም። ጁነይድ ወጣት ነው፤ ያገባል፤ አልከለክለውም። ኡበይደላም ሌላዋን “እማ” ይላል። እሷን በሕይወት የምይዛት እኔ ብቻ እሆናለሁ፤ እኔ ደግሞ ባሕር ማዶ ነኝ።

እዚህ አንዲት ሴት አግኝቻለሁ። ለይላ የምትባል እህቷ ወልድያ ውስጥ ተይዛ ቆይታ ተፈትታለች አለችኝ። ከሴቶች ጋር ነበርኩ ብላለች። ቤቷ ወልድያ ጎንደር በር አካባቢ ነው፤ ስልኳን ለብቻው ልኬልዎታለሁ። በስልክ ሳይሆን ፊቷን እያዩ ይጠይቋት። ሰው በስልክ አላውቅም ማለት ይቀለዋል። የኢሕሳንን ፎቶ ያሳዩልኝ።

እሷ “አላየሁም” ካለች፣ ለኢማሙ እርስዎ የመሰለዎትን ይመልሱ። እኔ “ስገዱ” የሚለውን ቃል በእጄ አልጽፈውም።

ዓቢዳ


ጥር 4 ቀን 2014 ዓ.ም.
መርሳ

ከጠዋት የወጣ፦ አንድ ሸሚዝ። የታዘዘ፦ አንድ ጉርድ።

ዓቢዳ እህቴ፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። አላህ የከበደሽን ያውርድልሽ።

ቢሮዎቹ ተከፍተዋል። ወንበር የለም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ። ሔለን ተመልሳለች። ዛሬ ጠዋት መጥታ፣ “እታለም፣ የምለብሰው የለኝም፤ ሰኞ ሥራ ልገባ ነው” አለችኝ። ቀጥላ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? “ያንኑ ስድስቱን ስሪልኝ፤ ምቾቱ እስካሁን ከሰውነቴ አልጠፋም።” መለሰ መኪናውን አቆመ። ሔለንም የተናገረችው ገብቷት ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ካገኘሁት ቁርጥራጭ ጨርቅ ቡናማ ጉርድ እሠራላታለሁ አልኳት። ፊት ለፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ያስፈልጋታል፤ ሌላ ልጅ አርግዛለች። ሴቶቹን ያኔ ያስፈልጋቸው የነበረው ዛሬም ያስፈልጋቸዋል። እንዴት አድርጌ እንደምሰጣቸው ግን አላውቅም። አንድ ዓይነት ያልሆነ ስድስት ልብስ ለመሥራት ስድስት ጣቃ ያስፈልጋል፤ ያንን የሚችል የለም።

ኡበይደላ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ወደቀ። አሚና፣ “እናቱም ቶሎ ነው የሄደችው” አለች። አንቺ ከእሷ የበለጠ ታውቂያለሽ፤ በዚያ ጊዜ አንቺ ነበርሽ ከእሷ ጋር።

ለለይላ ደውያለሁ። በስልክ አትጠይቂ ብለሽኝ ነበር፤ መጀመሪያ ቤቷ መኖሯን ልወቅ ብዬ ነው። አነጋገሯ የጨዋ ልጅ ነው። ከእሷ ጋር የነበሩትን ሴቶች በስም አንድ በአንድ ነገረችኝ። የኢሕሳን ስም የለበትም። መልኳን ነገርኳት፤ “እታለም፣ እንዲህ ያለች ልጅ አልነበረችም። ብትኖር አልረሳትም፤ የማጠባ እናት እኔ ብቻ ነበርኩ” አለችኝ። ደጋግሜ ጠየቅኋት። መልሷ ያው ነው።

ኢማሙ ከጁምዓ በፊት መልስ ይፈልጋሉ። ጁነይድንም እስከዚያ ምንም እንዳይመልስላቸው ነግሬዋለሁ። ፊቷን አይተው ይጠይቋት ስላልሽ እሄዳለሁ።

ነገ ሐሙስ ነው። ልጁን ለአሚና ትቼ፣ በጠዋቱ ሚኒባስ ወልድያ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በባጃጅ ጎንደር በር። ፎቶውን ይዤዋለሁ። ስመለስ ለሔለን ጉርድ ላስቲክ እገዛለሁ።

ረሂማ